ያዩትና የሰሙት

እትዬ ሀሲና ሞጣ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ሲሸጡ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል። ሰው ሲጣላ «እሳቸው ጋ እንሂድ» ይባላል፤ እሳቸው ግን ለመፍረድ አይቸኩሉም።

በአንድ የገበያ ቀን አንዲት ወጣት ሕፃን ታቅፋ እየሮጠች ሱቃቸው ገባች። ነጠላዋ ተቀዷል። ከኋላዋ ሰው እንደ ጎርፍ መጣ።

«ልጅ ሰርቃ ነው! አውጧት!»

ከፊት ያለው ተሸካሚው ምናለ ነበር፤ ዱላ ይዟል። «እትዬ፣ ሕፃኗን ‹እናትሽ ናት ወይ?› ብንላት ‹አይደለችም› አለችን። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?»

«አክስቷ ነኝ» አለች ወጣቷ። «ስርጉት እባላለሁ፣ የአምበር ሰው ነኝ። እናቷ ቢቸና ሐኪም ቤት ተኝታለች፤ እዚህ ሞጣ ላሉት አያቷ ላደርሳት ነው። ከሕፃኗ ጋር የተዋወቅነው ገና ትናንት ነው።»

«እስኪ ለእናቷ ደውዪ» አሏት እትዬ ሀሲና።

የስርጉት ስልክ ባትሪው አልቋል፤ ቁጥሩንም በቃሏ አታውቀውም። ሰዉ አጉረመረመ። ነገሩ ለእትዬ ሀሲናም ውሸት መሰላቸው። ቢሆንም ሕፃኗን ተቀብለው ከጨርቁ ክምር ኋላ አስቀመጡ፣ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰኩ፣ በሩ ላይ ቆሙ።

«ስትሰርቅ ያየ ወደፊት ይምጣ። የሰማ አላልኩም፤ ያየ።»

ማንም አልመጣም።

«እናቷ አይደለችም እኮ!» ሲል ምናለ ጮኸ።

«እናት አለመሆንና ሌባ መሆን አንድ ነው? አንተ የእህትህን ልጅ አዝለህ አታውቅም?»

«አመኗት ማለት ነው?»

«አላመንኳትም። አላውቅም። ስለማላውቅ ነው እዚህ የቆምኩት። ፖሊስ ጥሩ፤ እስከዚያ እሷም አትወጣም፣ እናንተም አትገቡም።»

ከኋላ የተወረወረ ድንጋይ ትከሻቸውን መታቸው። መቃኑን ጨብጠው ቆሙ።

ስልኩ ሲበራ ስርጉት እጇን ዘረጋች። እሳቸው ከለከሏት። «ቁጥሩን አሳዪኝ እንጂ እንዳትናገሪ።» ምናለን ብቻ አስገቡና ድምፁን ከፍ አድርገው ደወሉ።

«እህቴ፣ ልጅሽ የት ናት?»

የደከመ የሴት ድምፅ መለሰ። «ስርጉት ወደ ሞጣ ይዛት ሄዳለች። ምነው? ልጄ ምን ሆነችብኝ?»

ሕፃኗ ከጨርቁ ኋላ ብድግ አለች። «እማዬ!»

ምናለ ዱላውን ጣለ። ወጥቶ ሰዉን በተነው።

እትዬ ሀሲና ለስርጉት ውኃ ቀድተው ሰጧት።

ምናለ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። «ይቅር በይኝ፣ እህቴ።»

ስርጉት አልመለሰችለትም። እትዬ ሀሲናም «መልሺለት» አላሏትም።