ፎቶው ላይ ያለው ቤት

ሰኞ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ሌስተር

ከቤት ስንወጣ የማሞቂያውን ቆጣሪ ሁለት ጊዜ አየሁት። እንግሊዝ አገር የሚኖር ቤተሰብ መንገድ ሲጀምር የሚሰናበተው ጎረቤቱን ሳይሆን ቆጣሪውን ነው። ከግድግዳ ጎረቤታችን ጋር በስድስት ዓመት ውስጥ የተነጋገርነው አንዴ ብቻ ነው፤ ቆሻሻ ያለቀኑ አውጥቼ ሊቆጣኝ የመጣ ዕለት።

እኔ ቀን ቀን አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ። ሚስቴ ሰናይት ማታ ማታ ሆስፒታል ታጸዳለች። በር ላይ እንተላለፋለን፤ የቀረውን ወሬ ፍሪጅ ላይ በምንለጥፈው ወረቀት እንጨርሳለን። «ሊያን አስሏታል። ወተት አልቋል።» ትዳር ማለት ይኸው ነው። ከስምንት ዓመቷ ልጃችን ጋር ሦስታችንም ጎን ለጎን የተቀመጥነው ዛሬ አውሮፕላን ውስጥ ነው።

የምንሄደው ጁባ፣ ታላቅ እህቴ እትዬ ዘውዴ ዘንድ ነው። እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት። ጁባ ገብታ ምግብ ቤት ከፍታ፣ እሳት እየገረፋት ባገኘችው ገንዘብ እንግሊዝ የላከችኝም እሷ ናት። ስልክ በደወልኩ ቁጥር «አንድ ቀን እኛ ጋ መጥተሽ ታርፊያለሽ» እላት ነበር። ሰው እንዲህ ይላል። እኔም አልኩ።

ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጁባ

ሙቀቱ ከአውሮፕላኑ ደረጃ ላይ ተቀበለን። እትዬ የላከችው ሹፌር ጋትዌች ይባላል፤ ማንጋቴን የሚባል የተፈናቃዮች ሰፈር ነው የሚኖረው፤ ጋምቤላ ስላደገ አማርኛው ከሊያ በብዙ ይሻላል።

«አንተ ነህ ባለ ትልቁ ግቢ?» አለኝ ሻንጣውን እየጫነ።

«የምን ግቢ?»

«ፎቶው አለ አይደል! እትዬ ሰፈር፣ ጉዴሌ ውስጥ፣ ያላየው ሰው የለም። እትዬም ምግብ ቤቱን ሸጠች እኮ። እንግሊዝ ልገባ ነው፣ ከወንድሜ ጋር ልኖር ነው ብላ ሰፈሩን ተሰናብታለች።»

ሰናይት ዞራ አየችኝ። አቧራው በመስኮት እየገባ ነበር፤ እኔ ግን ያሳለኝ እሱ አልነበረም።

ፎቶው የመጦሪያ ቤቱ ነው። በመጀመሪያው ዓመቴ፣ አበባው መሃል፣ አዲስ ጃኬት ለብሼ ተነሣሁና ላክሁላት። የማንም መኪና ተደግፎ ፎቶ የማይልክ ስደተኛ ካለ ይፍረድብኝ። ቤትህ ነው ወይ ብላ አልጠየቀችኝም፤ ቤቴ አይደለም ብዬም አልተናገርኩም። ዝምታ ወርቅ ነው የሚሉ ሰዎች የኔን ዝምታ አላዩትም። የኛ ቤት ሁለት ክፍል ነው፤ ሊያ የምትተኛበት ክፍል ውስጥ አልጋዋ ከገባ በሩ አይከፈትም።

ጉዴሌ ስንደርስ የእትዬ ቤት በሰው ተሞልቷል። ሊያ ጆሮዬ ላይ ተጠግታ በእንግሊዝኛ «አባዬ፣ እነዚህ ሁሉ ቀጠሮ ነበራቸው?» አለች። ከዚያ ግድግዳው ላይ በፍሬም የተሰቀለውን ፎቶ አየችና ጮኸች፤ «ይሄ ሥራ ቦታህ አይደል?»

«ምን አለች ልጄ?» አለች እትዬ እየሳቀች።

«አበባው ያምራል ነው የምትለው» አልኳት።

ሰናይት ሊያን ይዛ ከኔ ራቅ ብላ ተቀመጠች።

ረቡዕ፣ ረፋድ፣ ኮንዮ ኮንዮ

በሚኒባስ ገበያ ወረድን። ተሸካሚዎች እየገፉን አለፉ፤ የደረቀ ዓሣ፣ ቲማቲም፣ የሞተር ዘይት በአንድ ላይ ይሸታል። እትዬ አንድ የልባሽ ጨርቅ ክምር ፊት ቆመችና ከባድ የሱፍ ኮት መዝዛ አወጣች።

«ዴ ቢካም?» አለችው ነጋዴውን። ዋጋውን ሲነግራት ኮቱን ጀርባዋ ላይ ጣል አድርጋ ወደ እኔ ዞረች። ላቧ በጉንጯ ይወርዳል።

«ይሄ ብርዳችሁን ይችለዋል?»

ከዚህ በላይ መዋሸት አልቻልኩም። ነገርኳት። ቤቱ የኔ አለመሆኑን፣ መጦሪያ መሆኑን፣ የኛ ቤት ሁለት ክፍል መሆኑን፣ ቪዛውም እኔ በስልክ እንዳወራሁት የዋዛ ነገር አለመሆኑን። ነጋዴው አማርኛ አይሰማም፤ ግን እሱም እጁን ከክምሩ አንሥቶ አየኝ።

እትዬ ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ሽማግሌዎቹን የሚያጥባቸው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ልጆች የሏቸውም?»

«አሏቸው። እሑድ እሑድ ይመጣሉ።»

ኮቱን አውልቃ አጣጠፈችና ክምሩ ላይ መለሰችው።

«አንተ እሑድም አልመጣህም» አለችኝ።

አፈርኩ። እስካሁንም አፍራለሁ።

እሑድ፣ ጠዋት፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ

ሐሙስ ዕለት ምግብ ቤቱን የገዛው ሰው ዘንድ አብሬያት ሄጄ ሽያጩን እንዲያፈርስ ለመንኩት። የአገራችን ሰው ነው፤ በትሕትና አስቀመጠን፣ በትሕትና እምቢ አለ። ከኔ ጋር ስትወጣ በር ላይ ቆም አለችና ተመልሳ ገባች። ምን እንዳለችው ያወቅሁት ዓርብ ጠዋት ሽርጧን አሥራ ስትወጣ ነው። በሸጠችው ምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ሆና በደመወዝ ተቀጥራለች።

ዛሬ ልትሸኘን አልቻለችም፤ ቁርስ ሰዓት ነው። ጋትዌች ሳንጠይቀው መኪናውን ምግብ ቤቱ ፊት አቆመልን። እትዬ ትሪ እንደያዘች በሩ ላይ ብቅ አለች። ሊያ በመስኮት እጇን አውለበለበች። እህቴ ትሪውን በአንድ እጇ ደግፋ ሌላውን ልታነሣ ስትል ከውስጥ የአዲሱ ባለቤት ድምፅ መጣ። ጉዴሌ ውስጥ ሽማግሌው ሁሉ እትዬ የሚላትን ሴት «ዘውዴ!» ብሎ ጠራት።

«አቤት ጌታዬ» አለችና ሮጣ ገባች።