የይርገዱ ቀዝቃዛ ክፍል

ድሬዳዋ ላይ ቤት የሚመሰገነው በቅዝቃዜው ነው። በዚህ በኩል ከዚራ ሰፈር ውስጥ ይርገዱን የሚስተካከላት አልነበረም። ረፋዱ ላይ ከባቡር ሠራተኛው አባቷ የቀረላትን ቤት የእንጨት መስኮቶች ጥርቅም ታደርግና ወለሉን ውሃ ትረጫለች፤ ከዚያ አንዲት ቢጫ አምፖል ብቻ ታበራለች። እናቶቻቸው ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚውሉ የሰፈር ልጆች ስንት ዓመት እዚያች ክፍል ውስጥ ሥለውና ጽፈው አድገዋል። በላብ የተጠመቀ ልጅ ከቤቷ ወጥቶ አያውቅም። ይህን ስታወራ ትንሽ ትኩራራለች፤ ትኩራራ፣ ይገባታል።

ባለፈው ግንቦት ዓኒሳ መጣች፤ እዚያች ክፍል ከሚውሉት ልጆች አንዷ የሆነችው የስምንት ዓመቷ የፊርዶስ እናት ናት። ልጅቷ ሰሌዳው አልታይ ብሏት ሐኪም ዘንድ እንደወሰደቻት፣ መነጽርም እንደታዘዘላት ነገረቻት። ሐኪሙ ነገሩ በዘርም እንደሚመጣ፣ ምክንያቱ ይሄ ነው ብሎ መቁረጥ እንደማይቻል አስረድቷል። የቀን ብርሃን ሳያገኙ ደብዛዛ ቤት የሚውሉ ልጆች ግን ሩቅ የማየት አቅማቸው ሊደክም ይችላል ብሏል።

«አቦ እማማ፣ አንቺን የወቀሰሽ የለም» አለቻት ዓኒሳ።

ይርገዱ ግን ራሷን ወቀሰች። ፊርዶስ ከትምህርት ቤት ስትመጣ፣ እሷ በሩ ላይ ቆማ በስሟ እስክትጠራት ድረስ ሰላም ብላት አታውቅም። ዓይን አፋር ናት ብላ ነበር የተወቻት። ለካ ልጅቷ ከሩቅ አታያትም ነበር።

እሷ ራሷ ልጅ ሳለች ቤት ውስጥ የዋለችበት ቀን ትዝ አይላትም። ውሎዋ ውሃ በሌለው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ነበር። አመሻሽ ላይ የጅቡቲው ባቡር ሲገባ፣ መጨረሻው ፉርጎ ላይ የቆመውን አባቷን በቆቡ ትለየውና «ቀድሜ አየሁህ» ትለዋለች። የተሸነፈ አባት ተምር ይሰጣል፤ ሕጉ ይሄ ነበር። ያ ባቡር ቀረ፣ አባቷም አረፈ። ይርገዱ ግን ያን ቆብ ዛሬም ትናፍቃለች።

በማግስቱ መስኮቶቹን አልዘጋችም። ምንጣፉን አውጥታ ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር አነጠፈች። ልጆቹ በላብ ተጠመቁ፤ አንዳንድ እናቶችም አጉረመረሙ። እሷ ግን የአባቷን ጨዋታ አስተማረቻቸው።

የፊርዶስ መነጽር በደረሰ ማግስት ይርገዱ እንደ ልማዷ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ልትጠራት አፏን ስትከፍት፣ ልጅቷ ከመንገዱ ማዶ፣ ከባጃጆቹ ወዲያ ቆም አለችና እጇን አነሳች።

«እማማ፣ ቀድሜ አየሁሽ።»

ይርገዱ ሽርጧ ውስጥ ያስቀመጠችውን ተምር ልታወጣ እጇን ብትሰድ፣ እንባዋ ቀደማት።