የሚከፍሉኝ እርስዎ ነዎት

ልጄ ሰሞኑን አንድ አሮጌ መኪና ገዝታ ኢንሹራንስ ልትገባላት ስትል፣ የኢንሹራንስ ደላላ ቤታችን ድረስ መጣ። ጨዋታ አዋቂ ወጣት ነው። ያቀረብኩለትን ፓፓያ እየበላ ስለ ኩባንያው ሁሉ ነገረን፤ ስለ ራሱ ክፍያ ግን ትንፍሽ አላለም። ልጄ «ላንተስ የምንከፍለው አለ?» ስትለው «ኧረ ምንም! የእኔ አገልግሎት በነጻ ነው» አላት። ሳቄ አመለጠኝ። ልጁ ደነገጠ፤ እኔ ግን በሐሳብ ሁሩታ ደርሼ ነበር።

በደርግ ጊዜ፣ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ሳለሁ፣ ናዝሬት ውስጥ የኢንሹራንስ ሽያጭ ወኪል ነበርኩ። መሥሪያ ቤቱ የመንግሥት ቢሆንም እኛ ወኪሎች ደመወዝ አልነበረንም። ደንበኛው በየዓመቱ ከሚከፍለው አረቦን ላይ ድርሻ ይታሰብልናል፤ ኮሚሽን እንለዋለን። አረቦኑ በጨመረ ቁጥር ኮሚሽናችንም ይጨምራል። አባቴ ሞቷል፣ ታናናሾቼ ተማሪዎች ናቸው፤ ኮሚሽን በጠፋበት ወር ቤታችን ውስጥ ወጡ ራሱ ይቀጥናል።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ዘለቀ የሚባሉ አንጋፋ ወኪል ነበሩ። «የመኪናውን ግምት ከፍ አድርገሽ ጻፊ» ይሉኛል። «ባለቤቱ ንብረቱ ሲከበርለት ደስ ይለዋል፤ አንቺም ታገኛለሽ።» ለደንበኛው የማይነግሩት ነገር ግን ነበር። መኪናው ቢገለበጥ የሚከፈለው በዕለቱ ገበያ የሚያወጣውን ያህል ብቻ ነው። በትርፍ የተከፈለው አረቦን ለባለቤቱ ምንም አይፈይድለትም።

ኅዳር ላይ የሁሩታ ከተማ የጭነት መኪና ባለቤቶች ስለ ኢንሹራንስ አስረዱን ብለው ጠሩን። መልካሳ ላይ አዋሽን ተሻግረን፣ ዴራን አልፈን ወደ ሁሩታ ስንቃረብ የታጨደ ስንዴ ሽታ በመስኮት ይገባል። በየማሳው ውቂያ ነው፤ ገለባው በነፋስ ተነሥቶ አስፋልቱን ያለብሰዋል። በባለ መኪናዎቹ ማኅበር አዳራሽ በቅቤ የራሰ የገብስ ጭኮ ቀረበልን። ከዚያ ጋሽ ዘለቀ ተነሥተው የለመዱትን ንግግር ጀመሩ።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ሐጂ ከድር እጃቸውን አነሡ። ባለፈው ክረምት የወንድማቸው መኪና አቦምሳ መንገድ ላይ ተገልብጦ፣ የተከፈላቸው ከተጻፈው ግምት በብዙ ስላነሰ ልባቸው ሻክሯል።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ ጋሽ ዘለቀን አልፈው እኔን እያዩ። «ለአንቺ የሚከፍልሽ ማነው?»

«መንግሥት ነው» አሉ ጋሽ ዘለቀ ቀድመውኝ።

የእናቴ ፊት ድቅን አለብኝ።

«የሚከፍሉኝ እርስዎ ነዎት፣ ሐጂ» አልኩ። «ድርሻዬ ከአረቦንዎ ውስጥ ነው። የመኪናዎን ግምት ባስጨምርዎ እኔ አገኛለሁ፤ መኪናው ቢገለበጥ ግን ለእርስዎ ከገበያ ዋጋው በላይ ሳንቲም አይጨመርልዎትም።»

ሐጂ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

«እንግዲያ አንቺን ትቼ ራሴ ቢሮ ብሄድ ይቀንስልኛላ?»

«አይቀንስም። ታሪፉ ያው ነው፤ የወኪል ድርሻ አስቀድሞ ገብቶበታል። መክፈልዎ ካልቀረ ያሠሩኝ! ትክክለኛውን ግምት ልጻፍልዎት። መኪናዎ አንድ ነገር ቢሆን አቦምሳም ይሁን የትም ሄጄ ጉዳቱን የማስገምተው፣ ክፍያው እስኪወጣ ቢሮ የምመላለሰው እኔ ልሁን።»

ሐጂ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ሰዎቹ በኦሮምኛ እርስ በርስ እየተነጋገሩ ወጡ።

ስንመለስ፣ የሶደሬ መገንጠያ ላይ፣ ጋሽ ዘለቀ «የሁላችንንም እንጀራ ዘጋሽው!» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ጠሩኝ። የመሥሪያ ቤቱን ምስጢር አውጥተሻል የሚል ክስ ቀርቦብኛል፤ ሰኞ ውሳኔ ይሰጣል። በዚያ ዘመን «ምስጢር አወጣች» መባል መዘዙ ከሥራ በመባረር ብቻ ላያበቃ ይችላል። ለእናቴ አልነገርኳትም።

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ደጃፍ ተቀምጬ ስጠብቅ ውጭ ጡሩንባ አምባረቀ። ቀጥሎ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ሁላችንም ወደ በረንዳው ሮጥን። ከአሰላ በኩል የመጡ የጭነት መኪናዎች የስንዴ ብናኝ እንደለበሱ መንገዱን ዳር ይዘው ተሰልፈዋል። ሐጂ ከድር ከፊተኛው ጋቢና ወረዱ።

«ልጅቷ የታለች?» አሉ ሥራ አስኪያጁን። «መኪኖቻችንን አይታ በልካቸው ትገምት ብለን አመጣናቸው። ግማሾቹ ከዚህ በፊት ኢንሹራንስ የሚባል ገብተው አያውቁም። በእሷ እጅ ካልሆነ ግን እንመለሳለን።»

ሥራ አስኪያጁ ሰልፉን እስከ ጫፉ አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን ቆመሽ ታያለሽ? ውረጂና ጀምሪ እንጂ!»

ወረድኩ ሳይሆን በረርኩ ማለት ይሻላል። ሾፌሮቹ ጡሩንባቸውን ለቀቁት፤ የሰፈሩ ልጆች እልልታውን አቀለጡት። ስለ ክሱ ከዚያ ወዲያ ያነሣ ሰው የለም። የእያንዳንዱ መኪና አረቦን ከለመድነው ያነሰ ነበር፤ ብዛታቸው ግን አይቼው የማላውቀውን ኮሚሽን አስገኘልኝ። ፀሐይዋ አናቴን እየጠበሰችኝ ከመኪና መኪና ስል ጋሽ ዘለቀ አጠገቤ መጥተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ከወዲያኛው ጫፍ ልጀምርልሽ?» አሉኝ።

«ይጀምሩልኝ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ደላላውን ልጅ እስከ በሩ ሸኘሁትና ይህንኑ አጫወትኩት። እኔም በእሱ ዕድሜ፣ ደንበኞቼ በገንዘባቸው እንደምኖር ካወቁ የሚንቁኝ ይመስለኝ ነበር። የሁሩታ ሰዎች ግን ሲያውቁ አልናቁኝም፤ አሠሩኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ እነዚያ መኪኖች የእኔ ነበሩ፤ እኔም የእነሱ ነበርኩ።