ለእብድ የማይሰጥ ኪኒን

ጣልያን ሸዋ ሮቢት ላይ በከፈተው የቆርቆሮ ሐኪም ቤት አራት ነበርን። ጣልያናዊው ሐኪም፣ «ዶቶሬ» የምንለው፣ ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት ስላስተማረን ራሳችንን «የሕክምና ተማሪዎች» ብለን ሰይመን ነበር። ወባ የጣለውን የማሽላ ገበሬ፣ ከአሊዩ አምባ ገበያ ሲመለስ እሾህ የወጋውን ነጋዴ «አይዞህ» እንል ነበር። እብድ ሲመጣ ግን ሐኪምነታችን ከላያችን ይወልቃል። አንዱ አካሄዱን ያስመስላል፣ ሌላው እንዳይነካው ይሸሻል፣ ሁላችንም እንስቃለን። ሁላችንም ስል ራሴንም ቆጥሬ ነው።

ከምንስቅባቸው አንዷ ታላቅ እህቴ ነበረች። እናታችን ስትሞት ቤቷ ወስዳ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ «እትዬ» ነው የምላት። ጣልያን የሚሠራው አዲሱ መንገድ በቤቷ ላይ እንዲያልፍ ተወሰነና በአንድ ጠዋት ናዱት። ከዚያ ወዲህ ብቻዋን ታወራለች፤ ቀኑን ሙሉ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ እየለቀመች ትደረድራለች። ጎረቤቷ የነበሩ አንዲት ሙስሊም ባልቴት ከቤታቸው አስጠጓት። እኔስ ምን አደረግኩ? ተማሪዎቹ እህቴ መሆኗን እንዳይጠረጥሩ ግጥም ገጠምኩባት፦

ጣልያን ለመንገዱ ቀጠራት ወይ እብዷን፣
ድንጋይ ስትደረድር ዘንግታ ማጀቷን።

ሦስቱ በሳቅ ፈረሱ። ግጥሙ ከሐኪም ቤቱ ወጥቶ ከጭነት መኪኖች ጋር እስከ ጀውሃ ወረደ። እኔም ኮራሁ! ያለ አስተማሪ ፊደል ለይቼ፣ ብቻዬን ስንኝ ስቋጥር ኖሬ፣ ግጥሜ ሰው አፍ ሲገባ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

አንድ ቀን ዶቶሬው ስለ ወባ ሲያስተምረን፣ በአገሩ አንዳንድ እብዶችን ሆን ብለው ወባ እንደሚያስይዟቸው ነገረን። ትኩሳቱ አሥር ጊዜ ያህል ከተመላለሰ በኋላ በኪኒን ያቆሙታል፤ አእምሯቸውም ይመለሳል። ይህ ለአንድ ዓይነት በሽታ ብቻ እንደሆነም ተናግሮ ነበር። ያንን ማን ሰማው? ጆሯችን የያዘው ደስ ያለንን ነው።

ዶቶሬው ወደ ደብረ ሲና በወጣበት ሳምንት ባልቴቷ እትዬን በአህያ ጭነው አመጧት። ገላዋ ይፋጃል፣ ጥርሷ ይንገጫገጫል።

«ልጆቼ፣ ወባ ነው። ኪኒኑን ስጡኝ፣ እኔ አስውጣታለሁ።»

የበላያችን የነበረው ተማሪ፣ ጠጉሩን በቅባት የሚያስተኛው የሹም ልጅ፣ ፊቷን ገልጦ አየና ፈገግ አለ።

«ይቺማ ድንጋይ ደርዳሪዋ ናት! ዕድለኛ ናት እኮ። ወባው ራሱ መድኃኒቷ ነው። ኪኒን ከሰጠናት እብደቷ እንዳለ ይቀራል።»

«ምን አልክ አንተ?»

«እማማ፣ ይህ ትምህርት ነው፣ አይገባዎትም። ትኩሳቱ አሥር ጊዜ ይመላለስባት።»

«አሥር ጊዜ! ወላሂ፣ ባለፈው ክረምት አንተን አንዴ ቢይዝህ ‹እናቴን ጥሩልኝ› ስትል ገበያው ሁሉ ሰምቶሃል!»

ሁለቱ ተማሪዎች አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ባልቴቷ ግን ወደ እኔ ዞሩ። ማን እንደሆንኩ ያውቃሉ። አላጋለጡኝም፤ ጠበቁኝ። እኔ የጣሪያውን ቆርቆሮ አየሁ።

ከጓሮው ዳስ አስተኟት። ትኩሳቱ በመጣ ቁጥር የሹሙ ልጅ ግድግዳው ላይ በከሰል አንድ መስመር ያሰምራል። ሲበርድላት ደግሞ መዳኗን ለማወቅ ይጠይቋታል፦ «አንቺ፣ ዛሬስ ስንት ድንጋይ ደረደርሽ?» ይሳሳቃሉ። እኔም ውሃ አቀብያት ወዲያው እወጣለሁ፤ ብዙ ከቆየሁ ያውቁብኛል ብዬ።

ሦስተኛው መስመር በተሰመረበት ቀን የጠየቋትን አልመለሰችም። ዓይኗ ቢጫ ሆኗል። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ጆሮዬን አስጠጋሁ። «ልጁ እራቱን በልቷል?» አለች። ልጁ እኔ ነበርኩ።

«ኪኒኑን አምጡ» አልኩ።

«ገና ሰባት ይቀራታል።»

«እህቴ ናት!»

የሹሙ ልጅ ፊቱ ተለዋወጠ። «አንተ ሰው! ታዲያ ለምን ቀድመህ አልነገርከንም?» ብሎ ወደ መድኃኒቱ ሣጥን ሮጠ። በገዛ እጁ ቀና አድርጎ አስዋጣት። ግንባሯን በእርጥብ ጨርቅ አበሰላት። «አይዞዎት እትዬ» አላት፤ አንቱ ብሎ።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ከሳቁ ይልቅ ያ ደግነቱ ነው። ኪኒኑ እዚያው ሣጥን ውስጥ ነበር። የምትንቀጠቀጠውም ያችው ሴት ነበረች። የሚያውቁት ሰው እህት እስክትሆን ድረስ ግን ለእነሱ የከሰል መስመር ነበረች። ባልቴቷ አህያቸውን ሲጭኑ የሥጋ ዘመዳቸው መሆን አለመሆኗን አልቆጠሩም። እኔ ደግሞ የገዛ ወንድሟ ሆኜ ሦስት መስመር ሙሉ አፌን ዘጋሁ። የሹሙ ልጅ አላዋቂ ነው እንበል፤ እኔ ምን እባላለሁ?

እትዬ ዳነች፤ ከወባው። ለተማሪ የሚሰጠውን ነጭ ካፖርት መልሼ፣ ሐኪም ቤቱን ትቼ ስወጣ እየደገፍኩ ወሰድኳት። ድንጋዮቿ ጋ ስንደርስ ቆመችና ግጥሙን አንድም ቃል ሳትስት አለችው።

«ማነው የገጠመው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

ከቦታው የተንሸራተተ አንድ ድንጋይ በእግሯ መለሰች።

«ሲሉት ደስ ይላል» አለች። «ግን ውሸት ነው። ማጀቴን አልዘነጋሁም። ይኸው፣ እዚህ ነበር። ምድጃው እዚያ። ይሄ በሩ ነው።»

በየቀኑ ያለፍኩባቸውን ድንጋዮች ያኔ አየኋቸው። የቤት መሠረት ነበሩ፤ ክብ ሆነው መጥተው መንገዱ ጋ ሲደርሱ የተቆረጡ። ያደግኩበት ቤት ነበር።

«ግባ እንጂ፣ ምን ያስቆምሃል?» አለችኝ።

የጭነት መኪና እያጓራ መጣ። ከጭነቱ ላይ የተቀመጡት ሰዎች እሷን ሲያዩ ግጥሜን በአንድ ድምፅ ጮኹባት። ጎንበስ ብዬ፣ ባሳየችኝ በር ገባሁ።