የግሬግ ኩባያ እና የዋንዳ ጋን

ዋንዳ ኩሊክ ማንንም ሰው በጫማ ወደ ጋኗ አታስገባም ነበር። ጋን የምለው፣ ፓሲክ ወንዝ ዳር ባለችው ትንሽ ፋብሪካችን አሲድ የምናፈላበትን ትልቅ ዕቃ ነው፤ ውጭው ብረት፣ ውስጡ በሰማያዊ ብርጭቆ የተለበጠ። ለምርመራ የሚገባ ሰው ቀለበቱን ያወልቃል፣ ቀበቶውን ይፈታል፣ ኪሱን ያራግፋል፣ በካልሲ ይወርዳል። አንዴ የኢንሹራንስ ሰውዬ በአንድ እጁ መሰላሉን፣ በአንድ እጁ ሱሪውን ይዞ ሲወርድ፣ ዋንዳ ከላይ ሆና "አይዞህ፣ ከዚህ የባሰም አይቻለሁ!" አለችው። በሃያ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ጋኗ አንድ ጭረት አልነካውም።

ከዚያ ግሬግ ሃልቮርሰን መጣ። ሚልዋኪ ካለ ቢራ ፋብሪካ የመጣ መሐንዲስ ነው። ክፉ ልጅ አይደለም፣ ብቻ ወሬው ሁሉ ቢራ ነው። እነሱ ዘንድ ዕቃው በሙሉ የማይዝግ ብረት ስለሆነ፣ ግድግዳው ላይ የተጣበቀ ነገር ካለ በመፍቻ ኳ ኳ አድርገው ያራግፉታል። በሦስተኛው ሳምንት የምንሠራው የመድኃኒት ዱቄት ጋናችን ውስጥ ሲጣበቅ ይሄ ጉደኛ መፍቻ አነሳና ከውጭ ኳ! አደረገው። ውስጥ ብርጭቆው ተሰነጠቀ። ዋንዳ ምሳዋን ጥላ ሮጠች።

"ምን አደረግክ አንተ ሰውዬ?"

"አንዴ ብቻ ነው የነካሁት!"

"እኔ ባሌን እንኳ እንዲህ ተጠንቅቄ አልያዝኩትም!"

ይቅርታ ይጠይቃል ብለን ስንጠብቅ ጭራሽ በብርጭቆው አላከከ። "በአንድ ምት የሚሰነጠቅ ዕቃ ዕቃ ነው? አዲሱን የማይዝግ ብረት እንግዛ" ብሎ የግዢ ወረቀት አዘጋጀ። የፋብሪካው ባለቤት ሚስተር ዴሉካ ሰኞ ጠዋት ሊፈርም ነው።

ዋንዳ ፈራች። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ፈራሁ። እንጀራችን ያ ነጭ ዱቄት ነው። አሲዱ ብረቱን ከበላው ዱቄቱ አረንጓዴ ይወጣል፣ ገዢው ዞር ብሎም አያየው፣ እኛም አርባ ሦስታችን ወደየቤታችን። እሷ ደግሞ ለጡረታዋ አሥራ ስምንት ወር ቀርቷታል።

ሄዳ ለግሬግ ነገረችው።

"ስሙ እኮ የማይዝግ ነው" አላት።

"ለቢራ ነዋ የኔ ጌታ! ይሄ ቢራ አይደለም።"

"ዋንዳዬ፣ ኬሚስትሪውን ለኔ ተዪው።"

በቃ፣ ነገር ፈላ! ዋንዳ ተዪው የሚሏት ሴት አይደለችም። ዓርብ ከሰዓት ግሬግ ከቢራ ፋብሪካው ሲለቅ የሸለሙትን የብረት ኩባያ ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወጣ። ዋንዳ ኩባያውን ኪያር የመጣበት አፈ ሰፊ የብርጭቆ ብልቃጥ ውስጥ ከተተችና አሲዳችንን አፍስሳበት ትኩስ ውኃ ላይ አስቀመጠችው።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አልኳት።

"ኬሚስትሪ እያስተማርኩት።"

ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ሰኞ ማለዳ አውጥታ በሶዳ ደጋግማ አጠበችውና ቦታው መለሰችው። ትንሽ ፈዘዝ ከማለቱ በቀር ያው ኩባያ ነው።

ስብሰባው ላይ ግሬግ ቡናውን ቀድቶ ኩባያውን የግዢ ወረቀቱ ላይ አስቀመጠ፤ ስለ ብረት ጥንካሬም ማስረዳት ጀመረ። ሚስተር ዴሉካ ሊፈርም ወረቀቱን ሳብ ቢያደርግ ርሷል። ግሬግ ኩባያውን ብድግ ሲያደርግ ቡናው ከታች ጠብ ጠብ እያለ ሱሪው ላይ ወረደ።

"ምንድነው ይሄ?"

ዋንዳ ብልቃጡን ከወንበሯ ሥር አወጣች። ፈሳሹ ሣር መስሎ አረንጓዴ ሆኗል፣ ብልቃጡ ግን ምንም አልሆነ። "ኩባያህ ቅዳሜና እሁድን አሲዳችን ውስጥ ነው ያሳለፈው። ብርጭቆ መፍቻ ይፈራል። ብረትህ አሲድ ይፈራል። መፍቻውን እኔ እከለክላለሁ፤ አሲዱን ማን ይከልክልልህ?"

"አንቺን ማባረር ነበረብኝ" አለ ሚስተር ዴሉካ።

"ግዴለም፣ መጀመሪያ ጋኑን እዘዝ።"

በብርጭቆ የተለበጠውን አዘዘ። ጋኑ ሲመጣ ማንም ሳይነግረው ጫማውን ያወለቀው ግሬግ ነበር፤ አውራ ጣቱ ከካልሲው ወጥቶ ሁላችንንም ያየናል።

ዋንዳ ጡረታ የወጣች ቀን ግሬግ ያንን ቀዳዳ ኩባያ አበባ ተክሎበት አመጣላት። "ለሌላ አልሆነኝም፤ ለአበባ ግን ውኃውን ደህና ያወርዳል" አላት።

ያቺ ምላሰኛ ሴት አለቀሰች።

"መፍቻስ?" አለችው በመጨረሻ፣ ዓይኗን እየጠረገች።

ግሬግ ሁለቱንም ኪሱን ገልብጦ አሳያት።