የተጠማው ጭቃ

ሥራዬ የሞተ ሻጋታ ነው። እንዲህ ስል ሰው ይስቃል፤ እኔም እስቅ ነበር። ሻጋታ ዘሩን ጭቃ ላይ ይጥላል፤ ጭቃው ይደርቃል፣ ዘሩ ግን ሺህ ዓመታት ይቆያል። በማይክሮስኮፕ የትኛው እርጥብ ቦታ፣ የትኛው ከብት እበት ላይ እንደበቀለ የለየ ሰው፣ ዛሬ አቧራ የሚቦንበት ሜዳ ድሮ ረግረግ እንደነበረ ማወቅ ይችላል።

እኔም ከድሬ ወጣ ብሎ፣ ከቢዮ አዋሌ ወዲያ፣ አንድ ደረቅ ሜዳ ላይ ቧንቧ በመዶሻ ቀብሬ ጭቃ አወጣሁ። ሦስቴ ከሽፎብኝ በአራተኛው ተሳካ። ብዙም ሳይቆይ ቦታው ላይ ድንጋይ መፍጫ ተተከለና ሜዳው ተገለባበጠ። ሌላ ጭቃ አይገኝም። ሁለተኛ ዲግሪዬም፣ ያውም የመጨረሻ ማራዘሚያ ተሰጥቶኝ፣ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነበር።

ናሙና የማስቀምጥበት የኮሌጅ ፍሪጅ መብራት በጠፋ ቁጥር ይሞቃል። ስለዚህ አዲስ አበባ እስክወስደው ድረስ በላስቲክ ጠቅልዬ ሳቢያን ሰፈር ቤታችን፣ አልጋዬ ሥር አስቀመጥኩት። እናቴን “እንዳትነኪው” አልኳት። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም። የተማረ ሰው ትዕቢት ማለት ይሄ ነው።

አሥር ቀን መስክ ቆይቼ ስመለስ ላስቲኩ ተፈቷል። ጭቃው ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭና አረንጓዴ ጸጉር አብቅሏል።

“እማ፣ ማነው የነካው?”

“እኔ ነኛ። ዋላሂ ልጄ፣ አሳዘነኝ። ምንድነው ብዬ ብፈታው ተሰነጣጥቆ ነበር። ግቢውን ስረጭ ለሱም ትንሽ ትንሽ አደረስኩት።”

ድሬ ውስጥ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደጁን ውሃ የማይረጭ ማን አለ? አቧራው ይተኛል፣ ቤቱ ይተነፍሳል። እናቴ ይህን አንድ ቀን አጓድላ አታውቅም።

ጮህኩባት። በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼባት አላውቅም። የውሃ ጆጉን እንደያዘች ቆማ ቀረች። እኔ ወጥቼ ደቻቱ ወንዝ ድልድይ ላይ ደረቁን አሸዋ እያየሁ አለቀስኩ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ያለው ሰው እናቴን ሳያውቃት አልቀረም።

በማይክሮስኮፕ አየሁት። የዛሬው ሻጋታ ከድሮው ጋር ተደባልቋል፤ ገሚሱን እለየዋለሁ፣ ምዬ የምናገርለት ግን አንድም የለም። ዝም ብዬ ብጽፈው ማን ያውቅብኛል? ሦስት ቀን ይህንን ሳስብ ሰነበትኩ። በአራተኛው ቀን ለአማካሪዬ “ናሙናው ተበላሽቷል” ብዬ ጻፍኩ። በዚያው ከትምህርቱ ተሰናበትኩ። ምን እንደምሆን ዛሬም አላውቅም፤ ተስፋ የሚባለው ነገር ከውስጤ ወጥቷል።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ደጁን አትረጭም። አመሻሽ ላይ አቧራው ዘው ብሎ ቤት ይገባል። ትናንት ጆጉን ሞልቼ ሰጠኋት። አልተቀበለችኝም።

“አንቺ እርጪው ልጄ፣” አለችኝ። “የኔ እጅ ያበላሻል።”