ከድንጋዩ ሥር ያለው ጠጠር

ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ በሚባለው ሰፈር፣ ከግቢዬ በር እስከ ቤቴ ደጃፍ ሠላሳ እርምጃ ያህል ነው። ክረምት ሲገባ ቀዩ ጭቃ ጫማ ይነጥቃል። ባለፈው ዓመት ሴት ልጄ ከጊምቢ መጥታ እኔ ዘንድ ልትወልድ ሲቆረጥ፣ ሆዷን ይዛ በዚያ ጭቃ ስትንሸራተት ታየኝ። የድንጋይ መንገድ የሚሠራልኝ ግንበኛ አስጠራሁ።

ግንበኛው የጉቶ ጊዳ ሰው ነው፤ ጴንጤ፣ ሲሠራ የሚዘምር፣ እኔንም «አዴ»፣ እናቴ፣ እያለ የሚጠራኝ። እኔ ስለ መንገድ የማውቀው መርገጡን ብቻ ነበር።

«ድንጋዩን ደርድርልኝና ይበቃል» አልኩት።

«አዬ አዴ! እናንተ ጎጃሜዎች ድንጋይ ጭቃ ላይ ጥላችሁ፣ በዓመቱ የት ገባ ትላላችሁ።»

«እናንተስ በዘፈን ነው የምታቆሙት?»

«መዝሙር ነው አዴ፣ መዝሙር!» ብሎ ሳቀ።

ከዚያ አስረዳኝ። መጀመሪያ የላይኛው አፈር ይነሣል። ገረጋንቲ፣ ጠጠር ያለበት አፈር፣ ይገባና ይጠቀጠቃል፤ ሙሌት የሚሉት እሱን ነው። በላዩ ደቃቅ ጠጠር ይነጠፋል። «እኔ ፍራሽ እለዋለሁ። ፍራሽ የሌለው ድንጋይ ይሰምጣል» አለኝ። ጠጠሩ እንዳይሸሽ ዳርና ዳሩ በጠርዝ ድንጋይ ይያዛል።

«ግቢው ውስጥ ጠፍጣፋ ድንጋይ አይቻለሁ፤ ልጠቀምበት?»

አጥሩ ሥር የተከመረውን አስቤ፣ «ያገኘኸውን ውሰድ» አልኩት።

የማርያም ዕለት ቤተ ክርስቲያን ስሜ ስመለስ፣ ሰባት ድንጋዮች መንገዱን ሊያሰምር በወጠረው ሲባጎ ዳር ተሰልፈዋል። የመጨረሻው ጥጉ የተሸረፈ ነበር። ያን ሽርፈት አውቀዋለሁ።

ከዚህች ልጄ በፊት ሌላ ሴት ልጅ ወልጄ ነበር። ሰማንያ ቀን ሳይሞላት፣ ክርስትና ሳትነሣ አረፈች። ያልተጠመቀ ሕፃን ቅጽር ውስጥ አይቀበርም ነበርና ባለቤቴ ጓሮ ቀበራት። እኔ አራስ ነበርኩ፤ አላየሁም። «ጥጉ ከተሸረፈው ድንጋይ ሥር ናት» አለኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ሠላሳ ዓመት አላነሣነውም። እሱም ዐረፈ። ልጆቼ አያውቁም። ዝናብ የእንሰቱን ቅጠል መምታት ሲጀምር የሕፃን ልቅሶ ይሰማኛል። ብድግ እልና መልሼ እቀመጣለሁ።

ቦታዋን የማውቀው በዚያ ድንጋይ ብቻ ነበር።

ጓሮ ሮጥኩ። ሦስቱ ከአጥሩ ሥር የመጡ ነበሩ፤ ለቀሩት ግን ድንጋይ የተነሣባቸው አራት ባዶ ቦታዎች አገኘሁ። ሣሩ ነጭ፣ ጉንዳኑ የሚተራመስ፣ አራቱም አንድ ዓይነት።

«ይህ የተሸረፈው ከየትኛው ነው የተነሣው?»

«ከአራቱ ከአንዱ ነው፤ አላስተዋልኩም። ምነው አዴ?»

ነገርኩት። ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

ባርኔጣውን አወለቀ። ተንበርክኮ በመጀመሪያው ቦታ መዳፉን አሳረፈ፤ አፈር ነው። ሁለተኛውም አፈር። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።

«አዴ፣ ይምጡ።»

ከላይ ያለውን ስስ አፈር በጣቱ ጠረገ። ከሥሩ ደቃቅ የወንዝ ጠጠር እኩል ተነጥፏል። ዙሪያውን ትንንሽ ድንጋዮች በጠርዛቸው ቆመዋል።

«ይሄኛው እንዲሁ አልተጣለም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ፍራሽ አለው። ጠርዝም አለው። ሰው አስቦ ነው ያስተኛው።»

ባለቤቴ ግንበኛ አልነበረም። እኔ ፊት አልቅሶም አያውቅም። ግን ከወንዝ ጠጠር ተሸክሞ መጥቷል፤ ማንም ሳያየው አንጥፏል። ድንጋዩ እንዳይሰምጥባት። ሌሎቹ ድንጋዮች በየዓመቱ ወደ መሬት ሲገቡ ይህ ብቻ ከፍ ብሎ መቆየቱን ስንት ጊዜ አይቼ፣ ለምን ብዬ አልጠየቅሁም።

ከዚያ በታች አልነካንም። ድንጋዩን በሁለት እጁ አቅፎ መለሰው። «ዋቃዮ ያሳርፋት» አለ፣ አምላኩን በቋንቋው ጠርቶ። ያን ቀን አልዘመረም።

የበሩን መንገድ ሲጨርስ ወደ ጓሮ አንድ ቀጭን ቅርንጫፍ አስወጣሁ። ሴት ልጄ በሐምሌ በደረቅ እግር ገባች፤ በሰላም ተገላገለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሕፃኗን ታቅፋ ደጃፍ ላይ ስትቆም፣ «እማዬ፣ ይሄኛው መንገድ የት ነው የሚሄደው?» አለችኝ።

«እኅትሽ ጋ» አልኳት። ተቀምጣ ሰማችኝ።

ዝናቡ ሲጀምር ልቅሶው አሁንም ይሰማኛል። ግን መልሼ አልቀመጥም። ነጠላዬን እደርብና እሄዳለሁ፤ እግሬን ጭቃ አይነካውም።